አይቶ እንዳላየ ማለፍ፦ በመማሪያ ክፍል ስለሚተከል የጥበቃ ካሜራ የቀረበ ሂስ

በባንክና በሱቅ፣ በመንገድ ማቋረጫና በመኖሪያ ሕንፃ መግቢያ የሚተከለው የጥበቃ ካሜራ ከዕለታዊ ኑሮ ጋር እየተዋሐደ ከመጣ ወዲህ፣ ጉዳዩን አስመልክቶ የሚደረገው ክርክር በአብዛኛው በሁለት ወገን ተከፍሎ ይታያል። አንደኛው ወገን ጥፋት ያልሠራ ሰው መታየትን የሚፈራበት ምክንያት የለም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ መታየት በራሱ የነፃነት መገፈፍ ነው ሲል ይሟገታል። ነገሩ ስለ ጎዳና በሚሆንበት ጊዜ ሁለቱም አሳቦች የየራሳቸው ክብደት አላቸው። ካሜራው ከጎዳና ተነሥቶ ወደ መማሪያ ክፍል በሚገባበት ጊዜ ግን ሁለቱም ከነገሩ ሥር ሳይደርሱ ይቀራሉ፤ ትምህርት ቤት ከጥንቱም የመታየት ቦታ ነውና። ተማሪውን የማያይ መምህር ሥራውን ሠርቷል አይባልም። እንግዲህ ተማሪ ይታይ ወይስ አይታይ የሚለው ጥያቄ ከመነሻው ዋጋ የለውም። መመርመር የሚገባው የሚያየው ማን እንደሆነ፣ ባየው ነገር ምን እንደሚያደርግ፣ ይልቁንም ያየውን መተው የሚችል መሆን አለመሆኑ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተከተላቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ስለ ካሜራ የሚጽፉ ሰዎች አዘውትረው የሚጠቅሱት እንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል በ1949 ያሳተመውን «1984» የተባለ ልብ ወለድ ነው። በዚያ ልብ ወለድ ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ የሚያሳይም የሚያይም መሣሪያ አለ። ዋናው ገጸ ባሕርይ የዕለት ማስታወሻውን መጻፍ የሚጀምረው ከመሣሪያው እይታ ውጪ በሆነች ጠባብ የክፍሉ ጥግ ተቀምጦ ነው። ይህች ጥግ ለትምህርት ሰው ብዙ ትናገራለች፤ ሰው አሳቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዋቅር ማንም የማያይበት ትንሽ ስፍራ ይሻልና። ከዚህ አልፎ ግን የኦርዌል መጽሐፍ ለትምህርት ቤት ጉዳይ ያን ያህል አይረዳም። በመጽሐፉ ውስጥ የሚያየው ኃይል ለሚታየው ሰው ክፉ አሳቢ ነው። በትምህርት ቤት ካሜራ የሚያስተክሉ ርእሰ መምህራንና ወላጆች በአብዛኛው የሕፃናቱን ደኅንነት የሚሹ ሰዎች ናቸው። በክፉዎች ላይ የተጻፈ ትችት በደግ አሳብ የሚሠራውን ስሕተት አያጋልጥም።

ለነገሩ ይበልጥ የሚቀርበው ከኦርዌል ከ150 ዓመት በላይ ቀድሞ የተጻፈው የጄረሚ ቤንታም «ፓኖፕቲኮን» ነው። ቤንታም በ1791 ያሳተመውን ይህን ዕቅድ ያገኘው ወንድሙ ሳሙኤል በሩሲያ ግዛት ሠራተኞችን ለመቆጣጠር ካሰበው ሕንፃ ነበር። ክፍሎቹ በክብ ይደረደራሉ፤ መሐል ላይ ማማ ይቆማል፤ በማማው ውስጥ ያለው ተቆጣጣሪ ሁሉን ያያል፣ እርሱ ግን አይታይም። በዚህም ምክንያት ተቆጣጣሪው በማማው ውስጥ በሌለበት ጊዜ እንኳ በየክፍሉ ያለው ሰው እንደሚታይ ሆኖ ይኖራል። ፈረንሳዊው ሚሼል ፉኮ በ1975 ባወጣው መጽሐፍ ዕቅዱን ዝነኛ ካደረገው ወዲህ ፓኖፕቲኮን ሲባል የሚታሰበው ወኅኒ ቤት ብቻ ሆኗል። ይሁንና ቤንታም በመጽሐፉ አርእስት ላይ ከዘረዘራቸው ተቋማት የመጨረሻው ትምህርት ቤት ነው። ስለ ትምህርት ቤት በጻፈው ክፍልም አንድ ከባድ ጥያቄ ራሱ አንሥቶ ነበር፤ ይኸውም ያለማቋረጥ እየታየ ያደገ ልጅ ነፃ ዜጋ በመሆን ፈንታ ሰው የሚመስል መኪና ሆኖ እንዳይወጣ ምን ዋስትና አለ የሚል ነው። መልሱ ደስተኛ እስከሆነ ድረስ ምንም ቢባል ምን አለበት ወደሚል ያዘነበለ ነበር። ጥያቄው የታላቅ አሳቢ ነው፤ መልሱ ግን ልጅን አስተምሮ የማያውቅ ሰው መልስ ይመስላል። በ1816 አካባቢ «ክሬስቶማቲያ» በተባለ ሥራው ይህንኑ መርሕ የተከተለ የቀን ትምህርት ቤት ለማቋቋም ዕቅድ ቢያወጣም ትምህርት ቤቱ ሳይሠራ ቀርቷል።

የግል ሕይወት መከበር የሚለው አነጋገር በአማርኛ በይበልጥ የሚሠራበት በሕግ ቋንቋ ነው። በኑሮ ውስጥ የነበረው ቃል ገመና ነው። ሁለቱ ቃላት ተቀራራቢ ቢሆኑም አንድ አይደሉም። የሕጉ አነጋገር መብቱን ለሚታየው ሰው ይሰጥና ሌላው እንዳይገባ አጥር ያጥርለታል። ገመና ግን ግዴታውን የሚጥለው በተመልካቹ ላይ ነው። ገመና ይከተታል፣ ይሸፈናል፤ የሰውን ገመና ያወጣ የሚነቀፈው ስላየ አይደለም፣ ያየውን አደባባይ ስላወጣው ነው። ግድግዳቸው ተጣብቆ፣ ግቢያቸው አንድ ሆኖ በሚኖሩ ቤተሰቦች መካከል የማይታይና የማይሰማ ነገር ጥቂት ነው፤ ኑሮው የሚቻለው ሰው አይቶ እንዳላየ፣ ሰምቶ እንዳልሰማ ማለፍን ስለሚያውቅ ነው። እርግጥ የጎረቤት ዐይን ሁልጊዜ ቸር አይደለም፤ ሐሜት የሚባል ነገር አለ። ሐሜተኛ ግን ማንነቱ ይታወቃል፣ ይወቀሳል፣ ሽማግሌም ይላክበታል።

የመምህር ዐይን ከዚህ ወገን ነው። አንድ ልጅ በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ዴስክ ላይ ተደፍቶ ቢተኛ፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈ የሚያውቅ መምህር አንዳንድ ቀን ይቀሰቅሰዋል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ይተወዋል። በተቀደደ ጫማው አፍሮ እግሩን ወደ ኋላ የሚሰበስበውን ልጅ ወደ ጥቁር ሰሌዳ ከመጥራት ይቆጠባል። በክፍል ውስጥ የወር አበባ የመጣባት ተማሪ ስትደናገጥ፣ አስተዋይ መምህርት ሌሎቹን በአንድ ምክንያት ወደ ውጪ አስወጥታ ልጅቷን ከጓደኛዋ ጋር ትልካለች፤ በማግስቱም ነገሩ እንዳልነበረ ይሆናል። ይህ ሁሉ ማየት ነው፤ የማየቱም ዋና ክፍል መተው ነው። መምህሩ በሌለበት የክፍሉ አለቃ «የረበሹ» ብሎ የሚጽፋቸው ስሞች እንኳ ዕድሜያቸው አጭር ነው። መምህሩ ገብቶ ዝርዝሩን ይመለከታል፤ ከጸሐፊው ጋር የተጣላው ልጅ ስም ሁለት ጊዜ መሠመሩን ያስተውላል፤ ቢቀጣም ባይቀጣም በመጨረሻ ዳስተሩን አንሥቶ ሰሌዳውን ያጸዳል፣ ትምህርቱንም ይጀምራል። ካሜራ ማየትን እጅግ አስፍቶታል፤ ዳስተር ግን አብሮት አልተሠራም። በመምህርቷ ብልኀት ከአርባ ተማሪ የተሰወረው ነገር ካሜራ ባለበት ክፍል ውስጥ ከነሰዓቱና ከነቀኑ ተመዝግቦ ይቀመጣል።

የነገሩን ባሕርይ በሚገባ የሚያሳይ አንድ ጉዳይ በሰሜን ስዊድን በሼሌፍቴኦ ከተማ ተከሥቷል። በ2018 መጸው በዚያ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ 22 ተማሪዎች ወደ ክፍል ሲገቡ ፊታቸውን እየለየ መገኘታቸውን የሚመዘግብ ካሜራ ለሦስት ሳምንት ተሞክሮ ነበር። የቀረበው ምክንያት የሥራ ቅልጥፍና ነው። ስም መጥራት በየክፍለ ጊዜው 10 ደቂቃ ይወስዳል፣ አሠራሩ ቢለወጥ በትምህርት ቤቱ በዓመት 17,280 ሰዓት ይተርፋል ተብሎ ተሰልቷል። ይህ አኃዝ ወደ ኋላ ሲመነዘር 103,680 የስም ጥሪ፣ እያንዳንዱም ጥሪ 10 ደቂቃ የፈጀ ይሆናል። ስልሳና ሰባ ተማሪ ያለበትን ክፍል የለመደ የኢትዮጵያ መምህር ይህን ሲያነብ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ለዕቅድ ሰው ግን ነገሩ የሚያሥቅ ብቻ አይደለም። አዲስ መሣሪያ ሲገዛ የሚቀርበው የትርፍ ስሌት ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው፤ ለአንድ ሥራ የማይመስል ጊዜ ይመደብለትና፣ በክፍለ ጊዜ ብዛት ይባዛና፣ የሚያስደነግጥ ድምር ይወጣል።

ከዚህ የሚበልጠው ጉድለት ስም መጥራት ምን እንደሆነ አለማወቅ ነው። ስሙ ተጠርቶ «አቤት» የሚል ልጅ ድምፁን ይሰጣል፤ ድምፁ የዘጋ፣ የተኮራረፈ ወይም የራበው መሆኑ በዚያች ቃል ውስጥ ይሰማል። ያልመጣ ልጅ ሲኖር ከጎኑ የሚቀመጠው ተነሥቶ አያቱ እንዳረፉ ወይም እናቱ ሆስፒታል እንደገቡ ይናገራል። መሣሪያው የሚያውቀው «የለም» የሚለውን ብቻ ነው።

የስዊድን የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን በነሐሴ ወር 2019 በሰጠው ውሳኔ ማዘጋጃ ቤቱን 200,000 ክሮነር ቀጣ። ይህም በ2018 ሥራ ላይ በዋለው የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ መሠረት በስዊድን የተጣለ የመጀመሪያው የገንዘብ ቅጣት ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ የተከራከረው ወላጆች ፈቅደዋል፣ ያልፈለገም መተው ይችል ነበር በማለት ነው። ባለሥልጣኑ ክርክሩን አልተቀበለውም። ተማሪ ውጤቱንና ትምህርቱን የሚጠብቀው ከትምህርት ቤቱ ስለሆነ፣ ፈቃድ በጠያቂውና በተጠያቂው መካከል እንዲህ ያለ የሥልጣን ልዩነት ባለበት በነፃ የተሰጠ ሊባል አይችልም አለ። መገኘትን በሌላ፣ የልጁን ማንነት በማይነካ መንገድ መመዝገብ የሚቻል መሆኑንም ጠቀሰ። በዚህ ውሳኔ ውስጥ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስተምረው ስለ ፈቃድ የተባለው ነው። ልጁን ለማስመዝገብ ከማለዳ ጀምሮ ተሰልፎ የቆየ አባት ከሚሰጡት ቅጾች አንዱ ስለ ካሜራ ቢሆን፣ ይህን አልፈርምም ብሎ ወረቀቱን የሚመልስ ስንቱ ነው? የተገኘው ፊርማ የምዝገባ ፊርማ ነው፤ የፈቃድ ፊርማ ተብሎ ፋይል ውስጥ ቢቀመጥ ስሙ እንጂ ነገሩ አይለወጥም።

በዚያው በ2018 በቻይና በሃንግዦው ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተሞከረው ደግሞ ከዚህ ርቆ ሄደ። ካሜራዎቹ በየ30 ሰከንዱ ክፍሉን እየቃኙ ተማሪው ማንበቡን፣ መጻፉን፣ ማዳመጡን፣ እጅ ማውጣቱን፣ መቆሙን ወይም ዴስክ ላይ መተኛቱን ይለያሉ፤ ከፊቱም ደስታን፣ ኀዘንን፣ ቁጣን እናነባለን ይሉ ነበር። የተኛው ልጅ እዚህም አለ። መምህሩ ምክንያቱን አውቆ ይተወው የነበረው ያ ልጅ አሁን በሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ነጥብ ነው። በጥሞና የሚያስብ ሰው ፊቱን የሚያኮማትር መሆኑን፣ የሰለቸው ደግሞ ጨዋ ፊት ማሳየት የሚችል መሆኑን የማያውቅ መምህር የለም። ፊቱ እየተቆጠረ የሚማር ልጅ መጀመሪያ የሚማረው ፊቱን ማስተካከል ነው። የቻይና ትምህርት ሚኒስቴርም በ2019 ፊትን የሚለይ መሣሪያ በትምህርት ቤቶች የሚሠራበትን ሁኔታ እንደሚገድብና ሥርዓት እንደሚያበጅለት አስታወቀ።

ከተማሪው ጋር መምህሩም እንደሚታይ መዘንጋት የለበትም። የደልሂ ከተማ አስተዳደር በ2019 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ክፍሎች ውስጥ ካሜራ ማስተከል ሲጀምር፣ ወላጆች የልጃቸውን ክፍል በእጅ ስልካቸው በቀጥታ እንዲያዩ ታስቦ ነበር። ወላጅ የልጁን ትምህርት መከታተሉ የሚደገፍ ነው። ነገር ግን በዚያች ስልክ ላይ የሚታየው የእርሱ ልጅ ብቻ አይደለም፤ አርባ ልጆች ባሉበት ክፍል እያንዳንዱ ወላጅ የሠላሳ ዘጠኝ ሰዎችን ልጆች ያያል። ሱፐርቫይዘር ክፍል ገብቶ ከኋላ ተቀምጦ ሲመለከት መምህሩ ያውቀዋል፤ ትምህርቱ ሲያበቃ ተቀምጠው ይወያያሉ፤ ደካማው ጎን ይነገረዋል፣ እርሱም ያስረዳል። ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚያየው የማያውቅ መምህር ግን አዲስ ዘዴ ከመሞከር የታወቀውን መድገም ይመርጣል። «ይህን አላውቀውም፣ ነገ አይቼ እነግራችኋለሁ» የሚለው የሐቀኛ መምህር ንግግር በመጀመሪያ የሚጠፋው እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ነው።

ለካሜራ ከሚቀርቡት ምክንያቶች ሁሉ በቀላሉ የማይታለፈው የሕፃናት ደኅንነት ነው። በመምህሩ የተመታ ወይም የተደፈረ ልጅ ምስክር የለውም፤ ቃሉ ከመምህሩ ቃል ጋር በተጋጨ ጊዜም የሚሸነፈው እርሱ ነው። ከላይ የተወደሰው ገመና የመሸፈን ልማድም የበዳይ መሸሸጊያ ሆኖ ያገለገለበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይህን ሳይቀበሉ ካሜራን መንቀፍ ሐቀኝነት የጎደለው ይሆናል። ይሁን እንጂ ምክንያቱ በትክክል ቢመዘን የሚደግፈው ውሱን ነገር ነው፤ ይኸውም በመተላለፊያና በግቢ የተተከለ፣ ምስሉ ተቆልፎ የሚቀመጥ፣ አቤቱታ ሲቀርብ ብቻ ከአንድ በላይ ሰዎች በተገኙበት የሚከፈት፣ ካልቀረበም በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጠፋ ቅጂ ነው። ሙሉ ቀን የሚታይ ስክሪን በርእሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥን አይደግፍም።

ወንጀልን ስለ መከላከልም ቢሆን ከ40 ዓመት ጥናቶች ተሰብስቦ በ2019 የታተመ ግምገማ እንዳሳየው ካሜራ በተተከለባቸው ቦታዎች ወንጀል በ13 በመቶ ያህል ቀንሷል። ቅናሹ ጎልቶ የታየው በመኪና ማቆሚያዎች ሲሆን፣ በኃይል ድርጊቶች ላይ ይህ ነው የሚባል ውጤት አልተገኘም። በ1999 በአሜሪካ በኮለምባይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እልቂቱ ሲፈጸም የምግብ አዳራሹ ካሜራ እየቀዳ ነበር። ስለዚህ ለዕቃ ግምጃ ቤትና ለውጪ በር ካሜራ ቢተከል የሚነቀፍ አይሆንም፤ ከግምጃ ቤት የተገኘውን ማስረጃ ወደ ክፍል ማዛወር ግን የአመክንዮ ስሕተት ነው።

ለንብረት የታሰበ ዐይን ከታሰበለት ቦታ አልፎ መሄዱም አልቀረም። በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ የሎወር ሜሪየን ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ለተማሪዎች ያደላቸው ኮምፒዩተሮች ሲጠፉ ለማግኘት በሚል ካሜራቸው ከሩቅ እንዲከፈት ተደርጎ የተዘጋጀ ነበር። በ2010 ክስ ሲመሠረት ከ50,000 በላይ ምስሎች መወሰዳቸው ታወቀ፤ ተማሪዎች በገዛ ቤታቸው ሳሉ የተነሡም ነበሩባቸው። ጉዳዩ በ610,000 ዶላር በእርቅ ተዘጋ። በመጋቢት 2021 ደግሞ ቬርካዳ በተባለው ኩባንያ ሥር የነበሩ 150,000 ያህል ካሜራዎች፣ የትምህርት ቤቶችና የሆስፒታሎች ጭምር፣ በውጪ ሰዎች እጅ ወድቀው ምስሎቹ በቀጥታ ይታዩ ነበር። እነዚያ ትምህርት ቤቶች መሣሪያውን ሲገዙ ጥበቃ የገዙ መስሏቸው ነበር።

በኢትዮጵያ ለዚህ ጉዳይ የሚሆን የሕግ መሠረት አለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል። አገሪቱ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 16 ይህንኑ መብት ለሕፃናት በተለይ ያረጋግጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ነገሩ የሚወሰነው ግን በትምህርት ቤት ደረጃ፣ ወላጅ መምህር ኅብረቱ በተሰበሰበበትና ለዕቃ ግዢ በሚፈረምበት ጊዜ ነው። በውሉ ላይ የካሜራው ብዛትና ዋጋ ይጻፋል። ምስሉ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ማን እንደሚከፍተው፣ ሻጩ ድርጅት ከሩቅ ማየት ይችል እንደሆነ፣ ልጁ ትምህርቱን ሲጨርስ ቅጂው ምን እንደሚሆን ካልተጻፈ ግን በኋላ የሚጠይቅ አይገኝም። ጽዳት ሠራተኛው የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ሲረከብ እንኳ ይፈርማል፤ የሺህ ልጆችን ምስል የሚከፍተው የይለፍ ቃል ያለ ርክክብ ከእጅ ወደ እጅ ሊተላለፍ አይገባም።

የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ከዚህ የተለየ ካሜራ ያውቃሉ። በ1963 በስታንፎርድ ዩኒቨርስቲ በድዋይት አለንና በባልደረቦቹ የተጀመረው ማይክሮ ቲቺንግ ሠልጣኙ ለጥቂት ተማሪዎች አምስት ደቂቃ ያህል አስተምሮ፣ የራሱን ትምህርት በቪዲዮ ተመልክቶ፣ ከአሠልጣኙ ጋር ተወያይቶ እንደገና እንዲያስተምር የሚያደርግ ዘዴ ነው። እዚህም ካሜራ አለ፤ ምናልባትም ከየትኛውም የጥበቃ ካሜራ የበለጠ ቀርቦ ያያል። ሠልጣኙ ግን መቼ እንደሚቀዳ ያውቃል። የሚመለከተው በመጀመሪያ እርሱ ነው፤ ጠመኔ የያዘ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ጀርባውን ለተማሪዎች ሰጥቶ ሲናገር ራሱን ያያል፣ ያፍራል፣ ይሥቃል፣ ያርማል። በቴፕ ይሠራ በነበረበት ዘመን ቴፑ ለቀጣዩ ሠልጣኝ ስለሚያስፈልግ ከውይይቱ በኋላ ወደ መጀመሪያው ይጠቀለልና የሌላው ትምህርት በላዩ ይቀዳበት ነበር።